በቁማቸው የተለቀሰላቸው ሐኪም

ሪንከቢ፣ ስቶክሆልም
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ተዋበች፣

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ ያ አስቸጋሪ ጆሮዎስ እንዴት ነው? ጽሑፉ የወንድምዎ እንዳልሆነ ገና ፖስታውን ሲያዩ እንደሚለዩት አውቃለሁ። ዕድሜ ልክዎን የአማርኛ አስተማሪ እንደነበሩ ስለሰማሁ እጄ እየፈራ ነው የምጽፈው። ምንትዋብ እባላለሁ፤ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ጉለሌ ያደግሁ። እዚህ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ እረዳለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ዶክተር ዕንባቆም ወረቀት የሌላቸውን ስደተኞች በሚያክሙበት የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ አስተርጓሚም፣ በር ከፋችም፣ ሻይ አፍሊም ነኝ። ኦርቶዶክስ ብሆንም ካቶሊኮቹ እስካሁን አላባረሩኝም።

በነሐሴ የጻፉላቸው ደብዳቤ ደርሷል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ «መልሱን አንቺ ጻፊልኝ» ብለው አዘውኝ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ይኸው ስንት ጊዜ አለፈ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ስለ ድካማቸው ለጠየቁት፦ ብዙ ለመንናቸው። «ሰውነትዎ አልቻለም፣ ይብቃዎት» ስንላቸው «ገና ወረፋ የሚጠብቅ አለ» እያሉ እስከ መጨረሻው ቆመው ሠሩ። ያለፈው ሐሙስ ግን አረፉ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያለ ብዙ ጭንቀት፣ በሰላም ነው። በሽተኞቹ ወንበራቸውን ባዶ ሲያዩ ደነገጡ፤ አንዷማ አለቀሰች። እኔም ብሆን ክፍሉ ያለ እሳቸው ጭር ብሎብኝ ነው የዋለው።

ካፖርታቸውን «ለእኔ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም፣ አገር ቤት ለሚበርደው ሰው ይድረስ» ብለው ስለነበር ልኬዋለሁ። ይህን የሚያመጣልዎት የሰፈራችን ሰው አቶ ባዩ በር ላይ ቆሞ እያጣደፈኝ ስለሆነ ዝርዝሩን በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

አክባሪዎ
ምንትዋብ

*

እምድብር
ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለምንትዋብ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ኅዳር 16 ቀን ደረሰኝ። ካፖርቱም ደርሷል። ማንበብ የጀመርኩት ቆሜ ነበር፤ «አረፉ» የሚለው ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ።

መርዶ እንዲህ በወረቀት አይላክም፣ ልጄ። በስልክም አይነገርም። ሰው ይላካል፤ ጎህ ሲቀድ ጎረቤት ተሰብስቦ በር ያንኳኳል፤ የሚይዝሽ፣ የሚደግፍሽ አጠገብሽ ይቆማል። አንቺ ግን በሰው አገር ነሽ፤ ማን ያስተምርሽ። አልተቀየምኩሽም። መርዶዬን ራሴ ለራሴ ተረዳሁና ወጥቼ ለጎረቤቴ ለከበደች ነገርኳት። ለቅሶው በመንደራችን ሰፊ ሜዳ፣ በጀፎረው ላይ ተቀመጠ።

ሰዉ ከጠበቅሁት በላይ መጣ። ወንድሜ ከዚህ ከወጣ አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ማን ያስታውሰዋል ብዬ ነበር። ያዋለዳቸው ሴቶች የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። እግሩ እንዳይቆረጥ አርባ ቀን ያስታመመው ሰውዬ በሁለት እግሩ መጣ። የሚሲዮኑ ክሊኒክ ጣሪያ ሲያፈስ በሽተኞቹን ወደ ራሱ መኝታ ቤት አስገብቶ እሱ በረንዳ ላይ ያደረበትን ክረምት የሚያወሩ ነበሩ።

ከሰባቱ ቤትም ከአራቱ መጡ። ስለ ሰባቱ ነግሮሽ እንደሆነ አላውቅም። በ1970 ዓ.ም. የቆሰለ ሁሉ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ያክማል ተብሎ ካድሬዎች ሊይዙት ሲመጡ፣ በክሊኒኩ ውስጥ በተስቦ የተኙ ሰባት ሰዎች ነበሩት። እሱ ወጣ፣ እነሱ ቀሩ። በሳምንቱ ሦስቱ ሞቱ፤ አንደኛዋ የከበደች እናት ናት። ከበደች ለቅሶው መሐል ቆማ «ጥለኸን ብትሄድም እኔ ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። ጆሮዬ ባይሰማም አፏን አነበብኩት። አንገቴን ደፋሁ።

አሁን የምጠይቅሽን መልሺልኝ። ማን ነበር አጠገቡ? ቄስ መጣለት? ቀንዲል ተቀባ? ዓይኑን ማን ከደነው? የት ተቀበረ? ሰዎች ስዊድን ደውለን እንጠይቅ ቢሉኝ ከልክያለሁ። የወንድሜን አሟሟት ሌላ ሰው በስልክ ሰምቶ በእጅ ምልክት እንዲነግረኝ አልፈልግም። ጽፈሽ ንገሪኝ፤ እኔ አንብቤ አለቅሳለሁ። የሚያስቸኩል ነገር ካለ ብቻ የቆሞሳችን የአባ ሐዋዝ ቁጥር ከታች አለልሽ።

ተዋበች

*

ሪንከቢ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
(ይህ ደብዳቤ ተጽፎ አልተላከም።)

እትዬ ተዋበች፣

ወንድምዎ አልሞቱም። መጀመሪያ ይህን ልጻፈው፣ ሌላው ይደርሳል። በሕይወት አሉ። ዛሬ ጠዋት ገንፎ በልተዋል፤ ግማሹን ትተውት ተቆጥቻቸዋለሁ።

«አረፉ» ያልኩት ሥራ አረፉ ማለቴ ነበር። በእሳቸው ዕድሜ አንድ ሐሙስ ቤታቸው ተኝተው መዋላቸው ለእኛ ትልቅ ወሬ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ጻፍኩት፤ መልሼም አላነበብኩት። ደብዳቤዎን ከፍቼ «ለቅሶ» የሚለውን ሳይ ሌላ ዘመድ የሞተ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የገዛ ደብዳቤዬን በሐሳቤ ደገምኩትና ገባኝ። ልጄ ቲና ምን እንደሆንኩ በስዊድንኛ ጠየቀችኝ። አንዲት የጉለሌ ልጅ በአንዲት ቃል የሰው አገር ሙሉ ሕዝብ አስለቀሰች ልበላት?

ደብዳቤዎን ይዤ ወደ ዶክተር ቤት ሄድኩ። እያፈርኩ አነበብኩላቸው። በመጀመሪያ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «እንዲህ ያለ ሕዝብ የሚመጣ ከሆነ ቀደም ብዬ ማረፍ ነበረብኝ» አሉ። እግሩ ስላልተቆረጠው ሰውዬ ሳነብ «በየትኛው እግሩ እንደሚያነክስ አልጻፈችም?» ብለው ጠየቁኝ። ከበደች ያለችው ላይ ስደርስ ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይቅር አለችኝ?» አሉ።

«አዎ፣ ብላለች።»

«እስቲ ድገሚው።»

ሦስት ጊዜ ደገምኩላቸው። ከዚያ ስለዚያ ቀን ነገሩኝ። እርስዎ ሮጠው መጥተው «መኪና መጥቶ ሁሉንም ወደ ወልቂጤ ወስዷቸዋል፣ አሁን ውጣ» እንዳሏቸው፣ እርስዎን ደግሞ ሹፌሩ ዋሽቶዎት እንደነበር፣ እሳቸው ግን የበሽተኞቹን በር ከፍተው ሳያዩ በጓሮ በኩል እንደወጡ። «ዐሥር እርምጃ ነበር» አሉ። «ዐሥር እርምጃ ሄጄ በሩን ብከፍት ኖሮ ተኝተው አገኛቸው ነበር። ሐኪም በጆሮው ሰምቶ በሽተኛ አይተውም።» ሐሙስ ሐሙስ ሥራ ሲያልቅ መጸዳጃ ቤቱን፣ ዕቃ ማስቀመጫውን፣ ደረጃውን ሁሉ ራሳቸው እየከፈቱ ካላዩ ቁልፍ አይሰጡንም ነበር። ሽማግሌ ስለሆኑ ነው ብለን እንስቅባቸው ነበር።

እትዬ፣ ታመዋል። የቆሽት ካንሰር ነው፤ ራሳቸው ከሐኪሞቹ ቀድመው ነው ያወቁት። እስከ የካቲት መጨረሻ ቢቆዩ ነው ይላሉ። ይህን ለእርስዎ እንዳልነግር አደራ ካሉኝ ቆይተዋል። አሁን ደግሞ ሌላ አደራ ጨመሩብኝ። «ተዋበች አንዴ አልቅሳለች፤ ሰውም ይቅር ብሎኛል። አሁን አለሁ ብላት ከወር በኋላ እንደገና ልታለቅስ ነው። በሰማንያ ሦስት ዓመቷ ሁለቴ አላስለቅሳትም። እንዲሁ ይለፍ» አሉኝ። «ዶክተር፣ ይህ እኮ ውሸት ነው» ብላቸው «አንቺ መቼ ዋሸሽ? አረፉ አልሽ፤ ይኸው አርፌያለሁ» ብለው አፌን አስያዙኝ።

እኔ ደግሞ ለእሳቸው እምቢ ማለት አልችልም። ቲናን አርግዤ፣ ወረቀት ሳይኖረኝ፣ ደም እየፈሰሰኝ ሐኪም ቤት መሄድ ስፈራ ሦስት ሳምንት በየቀኑ በምድር ውስጥ ባቡሩ በቱነልባና እየመጡ ያዩኝ እሳቸው ናቸው። ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም። የሚፈራ ሰው ስሙን መናገር ስለማይወድ «እናትሽ የት አገር ናት?» ይላሉ፤ ካርዱ ላይ የሚጻፈው ያ ነው። እኔ «ጉለሌ» ነበርኩ። አሁንም አንዳንዴ በዚያው ይጠሩኛል።

ይህን ጽፌ ለራሴ ቀለለኝ። አልልከውም።

*

ሪንከቢ
ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ተዋበች፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መርዶውን በዚያ ዓይነት ስለጻፍኩልዎ ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ አላውቅም፤ ይህን ያህል አጥፍቼ አላውቅም። እርስዎ ግን ልጄ ብለው ጻፉልኝ።

ለጥያቄዎችዎ ሁሉ ዛሬ መልስ የለኝም። ቄስ መጥተውላቸዋል፣ ቀንዲልም ተቀብተዋል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለ መቃብሩ አሁን አይጠይቁኝ። ብቻቸውን እንዳልነበሩ ይመኑኝ።

እዚህ የማያውቃቸው የለም። ወረቀት የሌለው ሰው ሁሉ ይወዳቸዋል። አንድ ጣሪያ ሠራተኛ ጫማው ተቀዶ እግሩ ቆስሎ ቢመጣ ተንበርክከው አጥበው፣ የራሳቸውን ቦት ጫማ አልብሰው ሰደዱት፤ እሳቸው በካልሲና በነጠላ ጫማ በበረዶ ወደ ቤት ገቡ። ስንቆጣቸው «ቤቴ ቅርብ ነው፣ እሱ ግን ሶለንቱና ድረስ ነው» አሉን። ሾርባ ሳመጣላቸው ጨው የለውም ብለው ያሾፉብኛል። ጾም ላይ ስለሆንኩ የእኔን ባዶ ሽሮ እያዩ ያዝኑልኛል። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው።

ቲና ሰላም ብላለች። አማርኛውን ትሰማለች፤ መመለሱ ላይ ነው ችግሩ።

ይቅርታዎ አይለየኝ።
ምንትዋብ

*

እምድብር
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምንትዋብ፣

ሠላሳ አራት ዓመት የአማርኛ ደብተር አርሜያለሁ። ደብዳቤሽን ስድስት ጊዜ አነበብኩት፤ በሰባተኛው ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። «ይወዳቸዋል።» «ያሾፉብኛል።» «ያዝኑልኛል።» «ናቸው።» ምንትዋብ፣ የሞተ ሰው ሾርባው ጨው የለውም አይልም።

ከዚያ የመጀመሪያውን ደብዳቤሽን አውጥቼ እንደ ተማሪ ደብተር አየሁት። «አረፉ።» ሥራ አረፉ? ይህን ያህል ዘመን አንድ ቃል ሁለት መልክ አለው እያልኩ ልጆች አስተምሬ፣ የራሴን ወንድም በአንድ ግስ ቀበርኩት? አርባውን እንኳ አውጥተንለታል። አባ ሐዋዝ ቀድሰዋል፤ ከበደች ንፍሮ ቀቅላለች።

እንዳትዋሺኝ። አለ ወይስ የለም? በአንድ ቃል መልሺልኝ። ለአባ ሐዋዝ ስልክ ፎቶ አንስተሽ ላኪው፤ የሰው እጅ አትጠብቂ።

ለምን እንደምቸኩል ልንገርሽ፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ስለ ሰባቱ ሹፌር ዋሸኝ ብዬ ለወንድሜ የነገርኩት ውሸት ነው። ሹፌርም፣ መኪናም አልነበረም። እሱ «በሽተኞቼ ሳይነሡ ንቅንቅ አልልም» ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሰዎቹ ከታች መንደሩን እየፈተሹ ነበር። እኔ አሳድጌዋለሁ፤ እናታችን ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ፊቴን አይቶ ውሸቴን እንዳያውቅብኝ በር ላይ ቆሜ፣ ወደ ውጭ እያየሁ፣ «መኪና መጥቶ ወስዷቸዋል» አልኩት። አመነኝ። ሰባቱ ከግድግዳው ማዶ ነበሩ። ሦስቱ ሲሞቱ በሹፌር አሳበብኩ፤ እሱም ከዚያ ሲጽፍልኝ ያንን አምኖ ራሱን ይወቅስ ነበር። መንደሩም ዶክተሩ ጥሎን ሄደ አለ። እኔ በዚህ መንደር አርባ ሰባት ዓመት ዝም ብዬ ተቀምጬ ሰላምታቸውን ተቀብያለሁ።

ሞቷል ብዬ ሳለቅስ ያለቀስኩት ይህን ሳልነግረው ስለሞተ ነው። ካለ፣ ራሴ ልንገረው። አንቺ እንዳትነግሪው፤ ከእኔ አፍ ይውጣ። አልሰማም እንጂ መናገር አላቃተኝም።

ተዋበች

*

ሶለንቱና
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ተዋበች፣

አሉ።

ይህን የምጽፈው ከአልጋቸው አጠገብ ነው። ከጥምቀት ወዲህ ሶለንቱና ውስጥ፣ መዳን የማይችሉ በሽተኞች ሳይሠቃዩ እንዲቆዩ በሚያደርጉበት ቤት ናቸው። ከሥራ ወጥቼ በፔንደልቶግ እመጣለሁ፤ ከባቡር ጣቢያው እዚህ ድረስ ሩቅ አይደለም። ካንሰር ነው። ቀናቸው ጥቂት ነው። የደበቅሁዎት እሳቸው አደራ ብለውኝ ነው፤ ሁለት ጊዜ እንዲያለቅሱ አልፈለጉም። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው፤ ዛሬ አደራቸውን አፍርሻለሁ።

እርስዎ እንዳወቁ ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ልወጣ ስል «ስንት ሰዓት ላይ ትደውላለች?» አሉ። ከዚያ ጢማቸውን እንድላጫቸው ጠየቁኝ። «በስልክ እኮ አታይዎትም» ብላቸው «እኔ አውቃለሁ» አሉኝ። ሐሙስ ጠዋት እላጫቸዋለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

ስለዚህ ሐሙስ የካቲት 6 ቀን፣ በእናንተ ዐሥር ሰዓት ላይ ይደውሉ። ሐኪሟ እስከዚያ ይቆያሉ ብላለች። ሥራዬን አስፈቅጃለሁ። አባ ሐዋዝ ስልኩን ይያዙልዎትና ሲነሣ በእጃቸው ምልክት ይስጡዎት። መልስ አይጠብቁ፤ የፈለጉትን ብቻ ይናገሩ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጆሯቸው ላይ እይዘዋለሁ። የሚመልሱትን ቃል በቃል ጽፌ እልክልዎታለሁ።

የነገሩኝን አልነገርኳቸውም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ በተለይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በተኙበት ሰዓት። ነገር ግን የእርስዎ ነው ብዬ ዋጥኩት።

ምንትዋብ

*

እምድብር
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ምንትዋብ፣

ተናገርኩ። አባ ሐዋዝ እጃቸውን ሲያነሡ ጀመርኩ። የቤተ ክርስቲያኑን ቢሮ ዘግተውልን ነበር፤ ድምፄን መመጠን ስለማልችል ግን ደጅ የቆመው ሁሉ ሳይሰማኝ አልቀረም ብዬ ፈርቻለሁ። አልሰሙም ብለውኛል።

አስቤ የሄድኩትን በቅደም ተከተል አላልኩትም። ስለ ልጅነቱ ጀመርኩ። ስሙን አቆላምጬ ጠርቼው እንደማላውቅ፣ ዕንባቆምን ሲያሳጥሩት እንባ ስለሚሆን እየፈራሁ እንደተውኩት ነገርኩት። ከዚያ ስለ መኪናው ነገርኩት። እንደገና ነገርኩት። የማይሰማ ሰው ሰምተውት እንደሆነ ስለማያውቅ ይደጋግማል፤ ታግሶኝ ይሆናል።

ስጨርስ አባ ሐዋዝ ስልኩን ዘጉትና ተቀመጡ። «ምን አለ?» ብላቸው «የሰው ትንፋሽ ሰማሁ፣ ቃል ግን አልሰማሁም» ብለው ጻፉልኝ። ፊታቸውን አልወደድኩትም።

ሰማኝ ወይ? አንድ ነገር ብሏል? በዓይኑም ቢሆን፣ በእጁም ቢሆን? አሁን ደግሞ ለእኔ ብለሽ አታሳምሪው። ምንም ይሁን፣ እውነቱን ብቻ ንገሪኝ።

ተዋበች

*

ሪንከቢ
የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ተዋበች፣

አልሰሙዎትም። እውነቱን ብቻ ስላሉኝ ሰላምታውን ለኋላ አቆየሁት።

ሐሙስ ጠዋት ምላጭና ሙቅ ውኃ ይዤ ገባሁ። ግማሽ ፊታቸውን ላጭቼ ሳለሁ አተነፋፈሳቸው ተለወጠ። ነርሷን ጠራሁ። ብዙ አልቆየም፤ አልተሠቃዩም። እርስዎ ከመደወልዎ ሁለት ሰዓት ያህል በፊት ነው የሞቱት። የቀረውን ግማሽ ላጨኋቸው፤ ቃል ገብቼ ነበር። ዓይናቸውን የከደንኩት እኔ ነኝ። ነርሷ እንደ አገሩ ልማድ ሻማ አብርታ መስኮቱን ከፈተች።

ቀድሜ ለአባ ሐዋዝ ደውዬ ማስቀረት እችል ነበር። ስልኩን ብዙ ጊዜ አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ። መርዶ በስልክ አይነገርም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እርስዎም ለብሰው፣ ተዘጋጅተው፣ መንገድ እንደጀመሩ አሰብኩ። ሲደውሉ አነሣሁት። አባ ሐዋዝ «ሃሎ» ሲሉ አልመለስኩም፤ አፌን ብከፍት ጩኸት ነበር የሚወጣኝ። ቃል እንደገባሁት የወንድምዎ ጆሮ ላይ ያዝኩት። አባ ሐዋዝ የሰሙት ትንፋሽ የእኔ ነው።

ሠላሳ አምስት ደቂቃ ተናገሩ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ስለ ልጅነታቸው ያሉትን፣ ስለ ስማቸው ያሉትን፣ «አንተ አልተውካቸውም፣ እኔ ነኝ» እያሉ የደጋገሙትን። ነርሷ አማርኛ አታውቅም፤ ግን መስኮቱ አጠገብ ቆማ እስኪጨርሱ አልወጣችም።

የእኔን ደግሞ ልናገር። ሰኞ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሲተኙ ብነግራቸው ኖሮ አውቀው ይሞቱ ነበር። ሦስት ቀን ነበረኝ። እርስዎ አትንገሪ ስላሉኝ ዝም አልኩ፤ ከዚያ በፊትም እሳቸው አትንገሪ ስላሉኝ ዝም ብዬ ነበር። ሁለታችሁንም አከበርኩ ብዬ ሁለታችሁንም ጎዳሁ። ያን ቀን የበሽተኞቹን በር ከፍተው ባለማየታቸው እየተጸጸቱ ነው የሄዱት። ይህን እንዴት አድርጌ እንደምኖርበት አላውቅም።

እዚህ አገር ቀብር ወዲያው አይፈጸምም፤ ሳምንታት ይቆያል። ወረቀት የሌላቸው ሰዎች አደባባይ መውጣት ስለሚፈሩ ቄሱ ሐሙስ ዕለት በምድር ቤቱ ለብቻቸው ጸሎት ሊያደርጉላቸው ነው። የቀብሩን ቀን እጽፍልዎታለሁ።

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይቅር ይበሉኝ።
ምንትዋብ

*

እምድብር
የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለምንትዋብ፣

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዓይኑን የከደነው የታወቀ እጅ ነው፤ ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። በዚህ ጉዳይ እውነት ሲነገረኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ እኔም ለማንም ነግሬ ስለማላውቅ አይገርመኝም። ሦስቱን ቀን በራስሽ ላይ አትጫኚ። አትንገሪ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ከአፌ እንዲወጣ የፈለግሁት እንዲቀልለው ብቻ አልነበረም፤ ይቅር ሲለኝ ለማየት ነበር። ለራሴ አስቤ አስቀረሁበት።

አባ ሐዋዝ ለሕዝቡ ስህተቱን አስረድተው እንደገና ለቅሶ እንዲቀመጥ ጠይቀውኝ ነበር። ቆይ አልኳቸው። ሰዉ ባለፈው የመጣው ጥሏቸው ለሄደ ሰው ነው፤ ይቅር ብለውት ነው ያለቀሱት። እንደዚያ ሆኖ ሁለተኛ እንዲለቀስለት አልፈልግም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጀፎረው ላይ ቆሜ መኪና እንዳልነበረ እነግራቸዋለሁ። የሦስቱንም ስም እጠራለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ነገ ጠዋት ከበደች ቤት እሄዳለሁ። እናቷ ስትሞት የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ይቅር ያለችው ያልበደላትን ሰው ነው፤ የበደልኳት እኔ ልሂድና በሯን ላንኳኳ። ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ በየጠዋቱ ውኃ የምትቀዳልኝ እሷ ናት። ነገም ይዛ ልትመጣ ስትነሣ ቀድሜ መድረስ አለብኝ፤ በእጇ ውኃዬን ይዛ እንድትሰማው አልፈልግም። ከዚያ በኋላ ከቀዳችልኝ ትቀዳልኛለች። ካልቀዳችልኝም ምንጩ ሩቅ አይደለም፤ ቀስ እያልኩ እወርዳለሁ።

ተዋበች